ከመብራት በኋላ የሚተርፍ ሳቅ፦ «ሚስተር በርንስ»ን ከማንኩሳ ሲያነቡት

ከፍጻሜ በኋላ ያለውን ኑሮ በሳቅ ማሳየት ለምዕራቡ ዓለም ቴአትር ሰማንያ ዓመት የተሻገረ ልምድ ነው። ቶርንተን ዋይልደር እ.ኤ.አ. በ1942 መድረክ ላይ በዋለው «ዘ ስኪን ኦቭ አወር ቲዝ» አንድን ተራ ቤተሰብ ከበረዶ ዘመን፣ ከጥፋት ውሃና ከጦርነት እያተረፈ ተመልካቹን አስቋል። ሳሙኤል ቤኬት እ.ኤ.አ. በ1957 በታየው «ኤንድጌም» ውጭው ሁሉ ባለቀበት ዓለም አንዲት አሮጊትና አንድ ሽማግሌ ቆሻሻ መጣያ በርሜል ውስጥ ከትቶ የድሮ ቀልዳቸውን ሲያወሩ አሰምቷል። ከዚሁ ወገን ባለፉት ዓመታት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የቴአትር ክፍሎች ደጋግመው የመረጡት ግን የአን ዋሽበርን «ሚስተር በርንስ» ነው። ምርጫው ያለምክንያት አይደለም። ተውኔቱ ኮከብ ተዋናይ አይጠይቅም፤ ጥቂት ተዋንያን ሸክሙን እኩል ይካፈሉታል። አልባሳቱና ጭምብሉ ከውዳቂ ዕቃ ቢሠራ ያምርበታል። ትወናን፣ ዜማንና እንቅስቃሴን በአንድ ምሽት ይፈትናል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ስለ ማስታወስ የተጻፈ ተውኔት ነው፤ ተማሪም ውሎ አድሮ የሚመዘነው በዚሁ ነው።

ይህ ዳሰሳ ተውኔቱን የሚያነበው ከምዕራብ ጎጃም፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ካለችው ማንኩሳ ተቀምጦ ነው። መከራከሪያውም የሚከተለው ነው። የድኅረ ፍጻሜ ጥቁር ኮሜዲ የሚያስቀው ተመልካቹ «ፍጻሜ» ብሎ በሚቆጥረው ኪሳራ ልክ ነው። ስለዚህ «ሚስተር በርንስ» ወደዚህ አገር ሲመጣ ማስፈራሪያው ይሳሳል፤ ስለ ዕውቀት መተላለፍ የሚናገረው ክፍሉ ግን ይጎላል። እንዲያውም ደራሲዋ ያላነሳችው ጥያቄ ይነሳበታል፤ ከጥፋት በኋላ ትውፊትን የሚያቆየው ገበያ ነው ወይስ ጉባኤ ቤት?

ተውኔቱና አወላለዱ

«ሚስተር በርንስ» የተጠነሰሰው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ዋሽበርን «ዘ ሲቪሊያንስ» ከተባለው የኒው ዮርክ የቴአትር ቡድን ተዋንያን ጋር በዎል ስትሪት ምድር ቤት በሚገኝ አሮጌ የባንክ ካዝና ክፍል ተሰብስባ፣ «ዘ ሲምፕሰንስ» ከተባለው የካርቱን ኮሜዲ አንዱን ክፍል ከአእምሯቸው እንዲተርኩት ጠየቀቻቸው። የመረጡት እ.ኤ.አ. በ1993 የተላለፈውን «ኬፕ ፊር» ነበር። የተቀዳው ወሬ፣ ከነመንተባተቡና ከነስህተቱ፣ የመጀመሪያው ገቢር አጥንት ሆነ። ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በ2012 በዋሽንግተን ዉሊ ማሞዝ ቴአትር ተከፈተ፤ በቀጣዩ ዓመት በኒው ዮርክ፣ በ2014 ደግሞ በለንደን አልሜዳ ቴአትር ታየ። ሙዚቃውን የደረሰው ማይክል ፍሪድማን ነው።

ታሪኩ በሦስት ገቢር ይጓዛል። በመጀመሪያው ገቢር የኃይል አውታሩ ወድቆ የኒውክሌር ጣቢያዎች ተቃጥለዋል። የተረፉ ጥቂት ሰዎች ውጭ እሳት ከብበው የዚያን የካርቱን ክፍል ቃለ ተውኔት አንድ በአንድ ለማስታወስ ይታገላሉ። በሁለተኛው ገቢር ሰባት ዓመት አልፏል። እነዚያው ሰዎች ተጓዥ የቴአትር ቡድን አቋቁመው የድሮውን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ከነማስታወቂያው ያሳያሉ። ሌሎች ቡድኖችም ስላሉ ይፎካከራሉ፤ የጎደላቸውን ቃለ ተውኔት ከሚያስታውስ ሰው በክፍያ ይገዛሉ። ገቢሩ የሚያልቀው ታጣቂዎች ልምምዳቸውን ጥሰው ሲገቡ ነው። በሦስተኛው ገቢር ሰባ አምስት ዓመት ተጨምሯል። ካርቱኑ በጭምብልና በመዝሙር የሚቀርብ ሥርዓት ሆኗል። በመጀመሪያው ታሪክ ውስጥ ቤተሰቡን ያሳደደው ሳይድሾው ቦብ ጠፍቶ፣ በቦታው የኒውክሌር ጣቢያው ባለቤት ሚስተር በርንስ ገብቷል። ትዕይንቱ ሲያበቃ መድረኩ በኤሌክትሪክ መብራት ያብረቀርቃል፤ መብራቱ የሚመጣው ሚስተር በርንስን የሚጫወተው ሰው ከሚረግጠው ፔዳል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። «ኬፕ ፊር» ራሱ የሌላ ሥራ ማላገጫ ነው። ካርቱኑ እ.ኤ.አ. በ1991 በተሠራ ፊልም ላይ ያላግጣል፤ ያ ፊልም በ1962 የተሠራውን ይደግማል፤ የ1962ቱ ደግሞ ከ1957 ልቦለድ የተወሰደ ነው። ስለዚህ በእሳት ዙሪያ ያሉት ሰዎች የሚያስታውሱት የቅጂ ቅጂ ቅጂ ነው። ተውኔቱ ንጹሕ ምንጭ አለ ብሎ አይነሳም፤ ጥበቡም እዚህ ላይ ነው።

የማን ጨለማ?

በኢትዮጵያ የዘመን ቀመር ከክርስቶስ ልደት በፊት 5500 ዓመት ይቆጠራል። በዚህ ስሌት ሰባተኛው ሺህ የሞላው በ1500 ዓ.ም. ነው። የአገሩ ሰው የታናሹን አለማክበር ወይም የዝናቡን መዛባት አይቶ «ስምንተኛው ሺህ ደረሰ» ሲል በቁጥር ከሄድን አምስት መቶ ዓመት ዘግይቷል። ስምንተኛው ሺህ ከገባ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል እንዳለፈ የግራኝ አሕመድ ጦርነት ተነሣ፤ ከ1521 እስከ 1535 ዓ.ም. ድረስ አብያተ ክርስቲያናትና መጻሕፍት ነደዱ። ሰዉ ግን ከዚያም በኋላ አረሰ፣ ዳረ፣ ተቀኘ፣ ቀለደ። እንዲህ ያለው ተመልካች ፍጻሜን ወደፊት የሚመጣ አንድ ቀን አድርጎ አያየውም፤ ውስጡ ሆኖ ለብዙ ትውልድ የኖረበት ነገር ነው።

በጎጃም ደግሞ ይህ የሩቅ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ማመፅ ለመቅጣት ገብተው አገሩን አስመዘበሩት። በላዩ ክፉ ቀን መጣበት። እ.ኤ.አ. በ1887 በምፅዋ በኩል የገባው የከብት ደስታ በሽታ ከአሥር ከብት ዘጠኙን እንደጨረሰ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። በሬ ስላልነበረ አልታረሰም፤ ስላልታረሰም ሰዉ አለቀ። በ1911 ዓ.ም. የዓለሙ ኢንፍሉዌንዛ የኅዳር በሽታ ተብሎ ደረሰ፤ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየሰበሰቡ ማቃጠል ከዚያ ጋር ተያይዞ እስከ ዛሬ ይደረጋል። ከጥፋት በኋላ የተወለደ ሥርዓት ለማየት የዋሽበርንን ሦስተኛ ገቢር መጠበቅ አያሻም ማለት ነው።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የጥፋቱ ልክ የሚለካው በበሬው፣ በዘሩና በሰዉ ነው። በ«ሚስተር በርንስ» ግን የጥፋቱ ዋና ምልክት መብራት መጥፋቱ ነው። እሳት ዳር ተቀምጦ ጨለማውን እያዳመጡ ማውራት ለኒው ዮርክ ተመልካች የሥልጣኔ መፍረስ ሥዕል ነው። ለቋሪት ወይም ለጃቢ ጠህናን ገበሬ ደግሞ ከእራት በኋላ ያለው ሰዓት ነው። ምድጃው ይነዳል፣ ኩራዙ ይጨሳል፣ ሽማግሌው ተረት ይጀምራል፣ ልጁ «እንዲህ አልነበረም፣ ባለፈው ሌላ ብለሃል» ብሎ ያርመዋል። ዋሽበርን ለአስፈሪነት የሠራችው መቼት እዚህ ይሞቃል።

ይህ ማለት ግን የምዕራብ ጎጃም ተመልካች አንድ ወጥ ነው ማለት አይደለም። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ተማሪ መብራትም ስልክም ያውቃል፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ ምን እንደጠፋበት በሚገባ ያውቃል። አባቱ ግን በዚያው ጊዜ ያጣው ሌላ ነገር ነበር፤ የማዳበሪያው መዘግየትና የመንገዱ መዘጋት ይበልጥ ያስጨነቀው ነበር። ተውኔቱ በዚህ አገር ቢታይ በአንድ አዳራሽ ሁለት ሳቅ ይሰማል። ልጁ ገጸ ባሕርያቱ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ሲናፍቁ በራሱ ይስቃል። አባቱ በእሳት ዙሪያ መቀመጥን የዓለም መጨረሻ ባደረጉት ሰዎች ይስቃል። ብልህ አዘጋጅ እነዚህን ሁለት ሳቆች አንድ ለማድረግ አይሞክርም፤ እርስ በርሳቸው እንዲደማመጡ ያደርጋቸዋል።

ድጓና ቅኔ በአንድ ግቢ

የተውኔቱ እውነተኛ ክርክር በሁለተኛው ገቢር ላይ ነው። ቡድኑ በሁለት ፍላጎት መካከል ይወጠራል። አንዱ ቃሉን እንደነበረ መመለስ ነው፤ ተመልካች የሚከፍለው የሚያውቀውን ለመስማት ነውና። ሌላው አዲስ ነገር መፍጠር ነው፤ ያለዚያ ጥበብ መሆኑ ይቀራል። ዋሽበርን ሁለቱን በጊዜ ቅደም ተከተል ታስቀምጣቸዋለች። መጀመሪያ ትክክለኛነት ያስጨንቃል፣ ኋላ ትዝታው ሲደክም ፈጠራ ቦታውን ይይዛል።

ጎጃም ለዚህ ጥያቄ ሌላ መልስ አለው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሁለቱ ፍላጎቶች ተከፋፍለው በአንድ ዘመን ይኖራሉ። የድጓ ተማሪ ከመምህሩ አፍ የሰማውን ዜማ ሳይጨምር ሳይቀንስ መመለስ አለበት፤ አንድ ድምፅ ቢያዛንፍ ይታረማል። የቅኔ ተማሪ በተቃራኒው ትናንት የተቀኘውን ዛሬ መድገም አይችልም፤ የሰው ቅኔ የራሱ አስመስሎ ማቅረብማ ነውር ነው። ጉባኤ ቃናም ይሁን መወድስ፣ ቤቱ የታወቀ ነው፣ ምስጢሩ ግን በየቀኑ አዲስ ይፈለጋል። ዋሸራና ጎንጅን የመሳሰሉ የቅኔ ቤቶች ያሳወቁት ይህ አገር የፈጠራን ግዴታ ከመጠበቅ ግዴታ ጋር አብሮ ማስተማር ይቻላል የሚል ልምድ አለው።

ከዚህም በላይ፣ የመጠበቁ ሥራ ራሱ ከጥፋት ጋር ግንኙነት አለው። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ለረጅም ዘመን በቃል ሲተላለፍ ኖሮ፣ በምልክት መጻፍ የጀመረው በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (ከ1533 እስከ 1551 ዓ.ም.) በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደሆነ ሊቃውንት ይተርካሉ። ጊዜው የግራኝ ጦርነት ያለቀበት፣ ብዙ መምህራንና መጻሕፍት የጠፉበት ነው። የተረፉት ተሰብስበው የሚያስታውሱትን ለመያዝ ፊደል ሠሩ። የዋሽበርን ገጸ ባሕርያት ከእሳቱ ዳር የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ እነሱ የሚያድኑት ካርቱን መሆኑ ብቻ ይመስላል።

ጠለቅ ብሎ ሲታይ ግን ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። የዋሽበርን ሰዎች ትምህርት ቤት አልሠሩም። በሰባት ዓመት ውስጥ ቀድሞ የተመለሰው ገበያው ነው። ትዝታ ዋጋ ወጣለት፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ይሸጣል፣ ይገዛል፣ ሐሰተኛ ነው ተብሎ ይመለሳል። ከጥፋት በኋላ መምህርና ደቀ መዝሙር ሳይኖር ሻጭና ገዥ አለ። ተውኔቱ በዚህ ላይ ይስቃል፤ ሆኖም አማራጭ አያሳይም። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እያባረረው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የሚለምነው መምህሩ ዕውቀት ስለሚሸጡለት አይደለም። መንደሩ ተማሪውን ይመግባል፣ ተማሪው ሙያውን ይዞ ለሌላ መንደር ያስተላልፋል። ረሃቡና ውሻው ደግሞ የራሳቸው ጥቁር ኮሜዲ አላቸው፤ የተማሪ ቤት ቀልድ አብዛኛው ከዚያ የተቀዳ ነው። ስለዚህ ተውኔቱን ከዚህ የሚያነብ ሐያሲ ሁለተኛውን ገቢር የሰው ልጅ የማይቀር ዕጣ አድርጎ አይወስደውም። የአንድ ኅብረተሰብ ልማድ አድርጎ ያየዋል፤ ያ ኅብረተሰብ ሁሉም ነገር ቢጠፋበት እንኳ ገበያን ቀድሞ ያስታውሳል።

ፍርስራሹ ሁሉ የግራኝ፣ ቀልዱ ሁሉ የአለቃ

በሦስተኛው ገቢር ሳይድሾው ቦብ ጠፍቶ ሚስተር በርንስ ለምን ክፉውን ቦታ ያዘ? በካርቱኑ ውስጥ በርንስ የኒውክሌር ጣቢያ ባለቤት ነው፤ ዓለምን ያጠፋውም የኒውክሌር ጣቢያ ነው። የሕዝብ ትዝታ የአደጋውን ምክንያት ፊት ይሰጠዋል፤ ከዚያም ያ ፊት ሌሎቹን ክፉዎች ሁሉ ይውጣቸዋል። አንዳንድ ተመልካች ይህን የትዝታ መሳሳት አድርጎ ሊያየው ይችላል። በእኛ አገር ግን የታሪክ አነጋገር የሚሠራበት መንገድ ነው።

በሰሜኑ ኢትዮጵያ መንገደኛ የፈረሰ ግንብ አይቶ ማን አፈረሰው ቢል መልሱ ብዙ ጊዜ «ግራኝ» ነው። ከግራኝ በኋላ በነበረ ጦርነት የፈረሰውም፣ በዕድሜ የወደቀውም፣ እሱ ያልደረሰበት አገር ያለውም ወደ እሱ ይሄዳል። የቆመ ትልቅ ድንጋይ ሳይቀር የግራኝ ድንጋይ ይባላል። በአንጻሩ የሰማነው ቀልድ ባለቤት ሲጠፋለት ወደ አለቃ ገብረ ሐና ይላካል። በዐሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት አለቃ የፎገራ ተወላጅ፣ የጎንደር ሊቅ፣ በልጃቸው ስም የሚጠራው የተክሌ አቋቋም መሥራች ናቸው። በሕዝብ አፍ ግን ሊቁ ደብዝዞ ቀልደኛው ጎልቷል። ከሳቸው ሞት በኋላ የተፈጠረ ቀልድ ሁሉ ሳይቀር በስማቸው ይነገራል።

እነዚህ ሁለት ስሞች የ«ሚስተር በርንስ»ን ሦስተኛ ገቢር ለአማርኛ ተመልካች ያለምንም ማብራሪያ ይከፍቱለታል። ጥፋት አንድ ባለቤት ይፈልጋል፤ ሳቅም እንዲሁ። ዋሽበርን የመጀመሪያውን አሳይታለች፣ ሁለተኛውን ግን ችላ ብላለች። ጀግናዋ፣ የካርቱኑ ቤተሰብ ልጅ ባርት፣ በመጨረሻ ክፉውን ያሸንፋል፤ ቀልደኛ ሆኖ አይተርፍም። ሦስተኛው ገቢር ከቀደሙት ሁለቱ ይልቅ ሳቁ የሚያንሰው ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል። የኛ አገር ልምድ እንደሚያሳየው የተቀደሰ ሥርዓት አጠገብ ሁልጊዜ ቀልደኛ ይቆማል፤ አለቃ ገብረ ሐናም የቀለዱት ከማኅሌቱ ሳይርቁ ነው።

ጥቁር ኮሜዲና እገዳ

አማርኛ ቴአትር የተወለደው በምፀት ነው ማለት ይቻላል። ሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ የጻፉት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» በላፎንቴን ተረቶች ላይ ተመሥርቶ በእንስሳት ስም አገር አስተዳደሩን ነካ፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመንም ታገደ። የምዕራብ ጎጃሙ የአቸፈር ሰው አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. ባሳተመው «አልወለድም» ደግሞ ገና በማሕፀን ያለ ልጅ ወደዚህ ዓለም አልመጣም ብሎ ሲሟገት አሳየ፤ ያም መጽሐፍ ብዙ ሳይቆይ ታገደ። የቤኬት ሰዎች ዓለም ካለቀ በኋላ ለመሞት ይጠብቃሉ። የአቤ ልጅ ዓለም ገና ሳትጀምርለት እምቢ አለ። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንደሚጨልም መናገር ያስቸግራል።

ሁለቱ የአገራችን ሥራዎች የተመቱት ፍጻሜን ወደ ሩቅ ዘመን ስላልገፉት ነው። ድኅረ ፍጻሜ ተውኔት ደራሲውን የሚከልለው መጋረጃ ይኸው ነው፤ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ የሚነቀፍ ሹም የለም። «ሚስተር በርንስ» በዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ መወደዱም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ማንንም በስሙ አይነካም። ቴአትርን በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለማስገባት በ1950ዎቹ አጋማሽ የኪነ ጥበባት ማዕከል፣ በ1970ዎቹ መግቢያ ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ክፍል ሲቋቋሙ የነበረው ዕድልና ፈተና እዚህም አለ። ተማሪ በደፋርነት ይጀምራል፤ መጋረጃው ይጠብቀዋል፣ መጋረጃው ደግሞ ያለዝበዋል።

የስም ዝርዝር

የመጀመሪያው ገቢር በሳቅ መካከል አንድ የማያስቅ ቦታ አለው። እንግዳ ሰው ከጨለማው ሲመጣ መሣሪያ ይደገንበታል፣ ይፈተሻል። ከዚያ ሁሉም ማስታወሻ ደብተር ያወጣሉ። እያንዳንዱ የሚፈልጋቸውን ዐሥር ሰዎች ስም ከነዕድሜያቸው ይጠራል፤ እንግዳው በመንገዱ አግኝቷቸው እንደሆነ ይመልሳል። መልሱ አላየሁም ነው። ከዚያ ወሬው ወደ ካርቱኑ ይመለሳል፤ እነሱ የረሱትን ቃልም ይኸው እንግዳ ያቀብላቸዋል።

ይህን ትዕይንት በፍኖተ ሰላም የሚያሳይ አዘጋጅ ተመልካቹ ማን እንደሆነ መርሳት አይችልም። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በከተማዋ በደረሰ፣ የአየር ጥቃት ነው በተባለ ፍንዳታ ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ኃላፊን ጠቅሰው የዜና ወኪሎች ዘግበዋል። ኔትወርክ በጠፋበት ወቅት ከሌላ ወረዳ የመጣ መንገደኛ ሁሉ ስለ ዘመድ ይጠየቅ ነበር። በዚህ ቦታ የስም ዝርዝሩ የመድረክ ፈጠራ መሆኑ ያበቃል።

እንዲህ ከሆነ እዚያው ትዕይንት ላይ ቀጥሎ የሚመጣውን ሳቅ ማን ይፈቅዳል? የጎጃም የለቅሶ ወግ ለዚህ መልስ አለው። መርዶው ይነገራል፣ አስለቃሽ የሟቹን ስምና ሙያ በሙሾ ትዘረዝራለች፣ ሰዉ ደረቱን ይመታል። ከቀብር በኋላ ግን ሐዘንተኛውን ለማስተዛዘን የሚቀመጡት ሰዎች ቀስ በቀስ ወደ ጨዋታ ይገባሉ፤ ሟቹ ራሱ የቀለደው ቀልድ ይነሳል፣ ሐዘንተኛውም ሳይወድ በግድ ፈገግ ይላል። ሳቁ የሚፈቀደው ስሙ በሙሉ ከተጠራ በኋላ ነው። ዋሽበርን ትዕይንቱን በዚሁ ቅደም ተከተል መሥራቷ የእጇን ብስለት ያሳያል። ይህን ክፍል ለፍጥነት ሲሉ ማሳጠር የሚያጓጓበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ከሳቅ መካከል ነውና እንደ እንቅፋት ይታያል። እዚህ አገር ግን ከዚያ ዝርዝር አንድ ስም የቆረጠ አዘጋጅ ቀሪውን ሳቅ ሁሉ ያጣዋል።

ማንኩሳ ላይ ቢሠራ

የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ ቡሬ ላይ ነው፤ ፍኖተ ሰላም ደግሞ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት። እንበልና የእነዚህ ተቋማት ተማሪዎች ተውኔቱን ለማዘጋጀት ተነሡ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ዘ ሲምፕሰንስ»ን ማን ይተካል የሚለው ነው። ካርቱኑን እንዳለ መተው አይሠራም፤ ተመልካቹ ቃሉን ግማሽ በግማሽ የሚያውቀው ካልሆነ የማስታወስ ትግሉ አያስቅም። የቴሌቪዥን ኮሜዲ መምረጥ ይቻል ነበር። የደረጀና ሀብቴ ቀልዶች ወይም «ቤቶች» ድራማ ለከተማው ልጅ ይበቃሉ። ለአባቱ ግን አይበቁም።

ሁለቱን ትውልድ የሚያገናኝ አንድ ሥራ አለ፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»። መጽሐፉን ያነበበው ብዙ ነው። ከዚያ የሚበልጠው ግን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የሰማው ነው። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ጉዱ ካሣንና ፊታውራሪ መሸሻን በድምፃቸው ያውቃቸዋል። የልቦለዱ ባለታሪክ በዛብህ የተወለደባት ማንኩሳ ደግሞ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ናት። ማንኩሳ አጠገብ እሳት አንድደው በዛብህ ከዲማ ሲወጣ ምን ሆኖ እንደወጣ፣ አበጀ በለው ፊታውራሪን የማረከው በየት በኩል እንደሆነ የሚከራከሩ ሰዎች ከዋሽበርን ገጸ ባሕርያት አንድ ብልጫ አላቸው፤ የሚያስታውሱት ታሪክ የቆሙበት መሬት ነው።

ከዚያ ወዲያ ተውኔቱ ራሱ መንገዱን ያገኛል። ከሰባት ዓመት በኋላ አንዱ ቡድን የወጋየሁን ድምፅ በትክክል እመስላለሁ ይላል፤ ሌላው የጉዱ ካሣን ንግግር ሙሉውን ይዣለሁ እያለ ዋጋ ይጠይቃል። ከሰባ አምስት ዓመት በኋላ ፊታውራሪ መሸሻ የሁሉም ክፋት ባለቤት ይሆናሉ፤ በሬውን የገደሉት፣ መብራቱን ያጠፉት፣ እሳት ከሰማይ ያወረዱት እሳቸው ናቸው። ጉዱ ካሣ ደግሞ የአለቃ ገብረ ሐናን ቀልድ ሁሉ ይወርሳል። በዚህ መንገድ ዋሽበርን የተወችው ቀልደኛ በሦስተኛው ገቢር ቦታውን ያገኛል፤ የዚያ ገቢር ድርቀትም ይድናል።

ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ የሦስተኛው ገቢር ሥርዓት በቅዳሴና በማኅሌት መልክ መሠራት የለበትም። ተመልካቹ ሥርዓቱ ተሰደበ ብሎ ከተነሣ የተውኔቱ ሐሳብ አብሮ ይወድቃል። ሙሾ፣ ሽለላና ፉከራ የሚበቃ የድምፅና የእንቅስቃሴ ሀብት ይሰጣሉ፤ ስምን የመጥራትና ክፉን የመፎከር ተግባርም በውስጣቸው አለ። ሁለተኛ፣ የመጨረሻው መብራት ትርጉም ይለወጣል። በኒው ዮርክ መብራቱ የጠፋው ሥልጣኔ መመለስ ነው። እዚህ ግን ዓባይ ራሱ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ይነሣል፤ ፈጣምና ብርም ወደዚያው ወንዝ ይወርዳሉ፤ በወንዙ ላይ 5150 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተገነባው ግድብ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ተመርቋል። መስመር ገና ካልደረሰበት ቀበሌ የመጣ ተመልካች መድረኩ ሲበራ የሚጠይቀው መብራቱ መቼ ተመለሰ ብሎ ላይሆን ይችላል። ፔዳሉን የሚረግጠው ማን ነው፣ የሚበራውስ ለማን ነው ብሎ ይጠይቃል። ዋሽበርን ክፉውን ገጸ ባሕርይ በፔዳሉ ላይ ማስቀመጧ ለዚህ ጥያቄ በር ይከፍታል፤ አዘጋጁ በሩን መዝጋት የለበትም።

ማጠቃለያ

«ሚስተር በርንስ» ከምዕራብ ጎጃም ሲነበብ የሚያጣውም የሚያተርፈውም አለ። የጨለማው ድንጋጤ ይቀንስበታል፤ ገበያን የማይቀር አድርጎ መቀበሉ ይጋለጣል፤ ሦስተኛው ገቢሩ ቀልደኛውን መርሳቱ ይታያል። በአንጻሩ ስለ ቃል መተላለፍ ያለው ግንዛቤ እዚህ ዳኛም ምስክርም ያገኛል። ድጓን በምልክት የጻፉትና ቅኔን በየቀኑ አዲስ ያደረጉት ሰዎች አገር ነውና የተውኔቱን ክርክር ከመድረኩ በፊት ኖሮበታል።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ዝግጅት የሚመዝን ሐያሲ ተዋንያኑ ምን ያህል እንዳስፈሩ ወይም እንዳሳቁ ብቻ መጠየቅ አይበቃውም። ዋናው መለኪያ አንድ ነው። ተዋናዩ የጉዱ ካሣን ንግግር ሲስት ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ ጮኾ ያርመዋል ወይ? ካረመውስ ተዋናዩ እርማቱን ተቀብሎ ከተውኔቱ ጋር ያስኬደዋል ወይስ ደንግጦ ወደ ጽሑፉ ይመለሳል? የመጀመሪያው ከሆነ መድረኩ ጉባኤ ቤት ሆኗል። ሁለተኛው ከሆነ ግን ተማሪዎቹ የሠሩት የሌላ አገር ተውኔት ጥሩ ቅጂ ነው፤ ተውኔቱ ራሱ ያላገጠበትን ስህተት ደግመውታል ማለት ነው።